ትል ስለተባለችው ልጄ፣ ለክቡር ሐኪም

ወለድሁ! ሴት ልጅ! በጥቅምት ጊዮርጊስ ዕለት፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ ጩኸቷ እስከ አራዳ ገበያ የሚሰማ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደስታው ከሰላምታው ቀደመብኝ።

ከባሕር ማዶ ድረስ መጥተው ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሐኪም ቤት ለከፈቱልን ለክቡር ሐኪም፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢያምዎ እንኳ ሌላ ሐኪም ያዝዝልዎ ዘንድ እጸልያለሁ፤ ራስዎን እንዳይመረምሩ እሰጋለሁና። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ በሁዳዴ ያቅለሸልሸኛል ብዬ ስመጣ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል በሽታዬን ስላወቁልኝ አመሰግናለሁ። አስተርጓሚዎ አቶ እምሩ «ሐበሻ ሁሉ ጥሬ ሥጋ ይበላል፣ ስለዚህ የሆድ ትል ነው ይላሉ ጌታው» አሉኝ። ጥሬ ሥጋ በአፌ ዞሮ እንደማያውቅ፣ ያውም ጾም እንደሆነ ተናገርሁ። የወር አበባዬ መቅረቱንም እያፈርሁ ተናገርሁ፤ እርስዎ ግን ያንን ለዕድሜዬ ሰጥተው ወደ መድኃኒትዎ ዞሩ።

፪ኛ፤ ኮሶ ከእናቴ ቤት ጀምሮ የማውቀው ነው፤ የእርስዎ መድኃኒት ግን ኮሶን ማር ያሰኛል። አምኜዎ ጠጣሁት፤ ደም እያየሁ አልጋ ላይ ወደቅሁ። ባለቤቴ አቶ ወርቅአፈራሁ ቄስ ጠርቶ ነበር። ልጄን ይዞ ያቆያት እጅ የእርስዎ አለመሆኑ በጀን።

፫ኛ፤ በሰኔ ተመልሼ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል ብል፣ እጅዎን እንኳ ሳያሳርፉ ትሉ አድጓል ብለው እጥፉን አዘዙልኝ። ክቡር ሆይ፣ በአገርዎ ትል እግር አለው? በአገራችን የለውም። ብርጭቆውን ከደጅዎ ባሕር ዛፍ ሥር ደፋሁት፤ ዛፉም እስከ ዛሬ ትል አልወጣውም።

እኔስ ዳንሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ግን ያንኑ ብርጭቆ ሊቀበሉ ነበር፤ ይህንንም ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእነሱ ነገር ነው። በሽተኛው ሳይገባ በሽታውን የሚያውቅ ሐኪም፣ እስቲ በሽተኛ ምን ያደርግለታል?

ትልዎን አቅፋ፣ ገንፎዋን እየበላች፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምትነሳ፣

የሺዓለም አጥናፉ፣ ከአራስ ቤት

ሳልረሳው፤ ትሏ በቃና ዘገሊላ በአራዳ ጊዮርጊስ ክርስትና ትነሳለች። እርስዎም ይምጡ፤ ለእርስዎ ሥጋው በደንብ ይበስልልዎታል። የቀረውን አቶ እምሩ ደጅ ወጥተው ለሴቶቹ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ፤ በደጃቸው የተሰለፋችሁ እኅቶቼ ግን፣ ብርጭቆውን እዚያው ደፍታችሁ፣ ሆዳችሁን ይዛችሁ፣ ጥር ፲፪ ቀን አንዳችሁም ሳትቀሩ ቤቴ ኑ!