የዣን ዳርክ ፊርማ

አስካልዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ዛሬ አትላንታ ውስጥ የእህቴ ልጅ ራኬብ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ አንድ ላይብረሪ አስገባችኝ። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የፈረንሳይን ጦር የመራችው የገበሬ ልጅ፣ ዣን ዳርክ፣ የላከችው ደብዳቤ ፎቶ ተሰቅሏል። መጻፍ ስለማትችል ሌላ ሰው ጻፈላት፤ ስሟን ግን በገዛ እጇ ፈረመች። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ራኬብ «አክስቴ፣ ሲያስቅ!» ብትለኝ «ዝም በይ፣ ጦር መርታለች!» አልኳት።

አንቺ ስምሽን መጻፍ ለምደሽ፣ ሰው ይስቅብኛል ብለሽ የማታ ትምህርቱን ተውሽው፤ እድር ላይ ዛሬም የምትፈርሚው በአውራ ጣትሽ ነው። ይሳቁ! መስከረም ስመለስ አብረን እንመዘገባለን፣ እኔም ካቆምኩበት ከአራተኛ ክፍል እቀጥላለሁ። ይህን የምታነብልሽን ልጅሽን ማሂን ሳሚልኝ። መልሱን እሷ ትጻፈው፤ ስምሽን ግን አንቺ። ቢንገዳገድም ግድ የለም።

ወይንሸት