የአባባ ቲኪ ዓይን

ቴሃኡ፣

ጀልባዋ ሳትጠበቅ መጥታ እየጠራችን ነው። ሂቫ ኦአ ደሴት ሐኪም ቤት መሄዴ ነው። ሳሉ ዛሬም አላስተኛኝም፤ ስቀርጽ የምስበው የአጥንት ብናኝ ነው ይሉኛል።

የተጠበሰ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ድስቱ ውስጥ አለ። አሳማውን አብላው።

ለአባባ መቃብር የጀመርኩት የእንጨት ምስል፣ ቲኪው፣ ከበሩ ኋላ ተሸፍኗል። አባባ ተክሎት ማዕበል ከጣለው ዛፍ የቀረጽኩት ነው። ዓይኖቹ ብቻ ቀርተዋል። ለእነሱ ያስቀመጥኩትን የዓሣ ነባሪ አጥንት ቆርጠህ ለመርከብ እንግዶች የአንገት ጌጥ አደረግከው።
ዝም ያልኩት ሳላይ ቀርቼ አይደለም።

ትናንት ቲኪውን አይተህ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያኮረፈ ሰው ነው! አባባ መቼ አኩርፎ ያውቃል?" ስትለኝ ጮህኩብህ። ከወጣህ በኋላ ገልጬ አየሁት። እውነትህን ነው። አባባን መስሎኝ ራሴን ነው የቀረጽኩት።

እንደገና ልጀምረው ብል እጄ ዝሏል። የተረፈው አጥንት ለሁለት ዓይን ይበቃል። እስከ ዛሬ አትንካ ያልኩህን መሮዎች ስዬ ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ።

አባባ ሲስቅ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። እንደዚያ አድርገህ ክፈትለት።
እኔን አትጠብቅ።

ፓሁአ