የሕሊና ሳህን

ነሐሴ 9

የልጄ የሕሊና የደም ምርመራ ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። ሐኪሟ ደሟ ውስጥ ያለው ስብ በጣም አንሷል አለኝ። «እንደ እሷ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ስብ እንዳይፈጭ የሚያደርገው ሕመም፣ አብሮት የተወለደ ልጅ በልቶም ሊያንሰው ይችላል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እኔ ግን አላመንኩም። ጠዋት ጠዋት ቅቤ የጠገበ ገንፎ ሠርቼ ሥራ እሄዳለሁ፤ ስብ ከሚፈጭላት ክኒን ጋር የሚሰጧት አማቴ ናቸው። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ደግሞ ቅቤ ሳነጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳብሰለስል መጥቼ ልጅቷን እያስጾሟት እንደሆነ ገና ከበሩ ጠየቅኋቸው።

«የታመመ ልጅ አይጾምም ብለው አባ ነግረውኛል» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በእጄ አቀርብላታለሁ። እዚያች በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ትበላና ሳህኑን ባዶ አድርጋ ታመጣልኛለች።»

አፈርኩ። ሕሊናን ጠርቼ «ገንፎሽን ትጨርሺያለሽ አይደል?» አልኳት።

«እማ፣ የሰፈር ልጆች ሁሉ ጾመው ሊቆርቡ ነው» ብላ አቀረቀረች።

ቀና ስል ዓይኔ ወደ ውጭ ሄደ። በረንዳው ላይ ውሻችን ተጋድሟል። ሐምሌ ላይ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ጸጉሩ ያብረቀርቃል።