ስለ ደረቀው እንስላልና ስለ እናቴ መቃብር

ለተከበሩ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጽዳትና ውበት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በግቢያችን ውስጥ ከእርስዎና ከአይጦቹ በቀር በጤና የሰነበተ ነገር ስለሌለ፣ ደኅንነትዎን መስማት ለእኛ ትልቅ መጽናኛ ነው። እኔ የዚህችን የገጠር ቤተ ክርስቲያን መቃብር ላለፉት ዐሥራ አንድ ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ከሚንከባከቡት ስድስት ሰዎች አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። መድኃኒት ሳንረጭ፣ አረሙን በእጃችን እየነቀልን፣ የረገፈውን ቅጠል አበስብሰን ለአፈሩ እየመለስን ቆይተናል። ባለፈው ወር ከዚህ ሁሉ ድካም በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ስለገላገሉን ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጬ መስፋት ስላቃተኝ ጊዜው አለኝ።

አንደኛ፣ በዕቃ ቤትዎ የነበረውን ሻማ አይጥ ቢበላው፣ የአይጡ መነሻ የመቃብሩ ሣር መሆኑን ደርሰውበት የአረም ማጥፊያ ስላስረጩ እናመሰግናለን። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ሲባል ተረት ብቻ ይመስለን ነበር፤ እርስዎ በሥራ አሳዩን። ከዕቃ ቤቱ በር ሥር ድመት የሚያሾልክ ክፍተት መኖሩን፣ አናጢያችንም ሳንቃውን ከራሱ አምጥቶ ልድፈነው ብሎ ሦስት ጊዜ መለመኑን ማንሣት ነገር መጎተት ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፣ «መርዝ ተረጭቷልና አትግቡ» የሚለው ማስታወቂያዎ በሦስተኛው ቀን ስለተለጠፈልን እናመሰግናለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉ፤ እኔ አላልኩም። አዋላጇ ጓደኛችን ግን ረቡዕ ዕለት የጠወለገው ሁሉ ውሃ የጠማው መስሏት ሁለት ባልዲ አጠጥታ፣ በባዶ እጇ ስትኮተኩት ውላ፣ መዳፏ ተላልጦ ሰነበተ።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩ። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ በእኛ መቃብር ድንጋይ ለማቆም አቅም ያጣ ሰው በሟቹ ራስጌ አንድ ተክል ይተክላል። ጫማ ሰፊው ናናው ሥር ነበሩ፤ ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ ጽጌረዳ ሥር፤ እናቴ እንስላሉ ሥር። ማን የት እንዳለ የምናውቀው በዚህ ብቻ ነበር። አናጢው አንድ ጊዜ ቁጥር ያለው ችካል እንትከል ቢል፣ የሲኒማ ወንበር መሰለህ እንዴ ብለን ሳቅንበት። ይህ ጥፋት የእርስዎ አይደለም፤ የእኛ ነው፤ ያንገበግበኛል። ዛሬ ቦታው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኗል። ተንበርክኬ አፈሩን እያሸተትኩ ፈልጌአለሁ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ እንጂ።

አባቴ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ። እሑድ እሑድ በትራቸውን ይዘው፣ የአጥሩን ግንብ እየዳበሱ፣ ብቻቸውን እናቴ ዘንድ የሚደርሱት በእንስላሉ ሽታ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ነግሮኛል። የሚለምኑኝም አንድ ነገር ነው፤ ከእርሷ ጎን መቀበር። በሰበብ ሳስቀራቸው ቆይቼ ባለፈው እሑድ ይዣቸው ስሄድ መካከል ላይ ቆሙ፤ ወዲያና ወዲህ እየዞሩ አሸተቱና «ልጄ፣ እናትሽን የት አደረግሻት?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት መለስኳቸው።

አራተኛ፣ ለእርሳቸው ቦታ ይያዝልኝ ብዬ ስመጣ ቅጹን በትሕትና ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። «የሚስት መቃብር የሚገኝበት ትክክለኛ ቦታ ይጠቀስ፤ ያልተሟላ ቅጽ ተቀባይነት የለውም» በሚለው ተራ ላይ «መርዝ ረጪው ይጠየቅ» ብዬ ሞልቻለሁ። እንደተሟላ ይቆጥሩልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ግቢዎ እንደ ጠረጴዛዎ ልሙጥ ሆኖ ይኑርልዎ፤ አንዲትም ቅጠል ከፊትዎ አትቁም፤

ትናንት በጉልበቷ ተንበርክካ አረም ስትነቅል የነበረች፣ ዛሬ በዚያው ጉልበቷ እናቷን የምትፈልግ፣

አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴን ዋሽቻቸዋለሁ። እንስላሉ በፀሐይ ደርቆ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ያቆጠቁጣል አልኳቸው፤ ይኸው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ዝናብ ይጠብቃሉ። ዘንቦ ካልበቀለ፣ እውነቱን የሚነግሯቸው እርስዎ እንዲሆኑልኝ እለምናለሁ። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ሲገቡ አይፈሩ፤ አባቴ ፊትዎን አያዩትም።