ዓይኔን ጨፍኜ ያየሁት ፊልም

ጥቅምት 2/2003፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

የእትዬ ብርቱካን ግራ ዓይን ጭራሽ ብሶበታል። ጠዋት በአጥሩ ላይ እጄን ሳወዛውዝላቸው የተሰጣ ልብስ መስያቸው ዝም ብለው አለፉ። ቀኙም ሊከተል ነው። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብሏቸው ነበር ሐኪሙ አምና። እሳቸው ወይ ፍንክች። ሌላው ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጥጣቸውን ይፈትላሉ። ለፈትል ጣት እንጂ ዓይን አያስፈልገኝም ይላሉ። የዶርዜ ልጅ አይደሉ፣ ሟች ባላቸውም ሸማኔ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታዴ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ እሑድ እሑድ ይደውላል። ከእንግዲህ እ.ብ. እያልኩ ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ። እጄ ይደክማል።

ዛሬም ከምሳ በኋላ እሳቸው ጋ። ፊልም። ባለማጭዱ፣ ክፍል ሁለት።

ለምን መሰለሽ። ታዴ ከመሄዱ በፊት ሰርቪስ ቤቷን ቪዲዮ ቤት አድርጓት ነበር። ጥቅምት ከገባ ሌላ ፊልም የለም፤ ገዳይ በገዳይ። ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ ወጣቶቹን በማጭድ አንድ በአንድ የሚፈጅበት፣ ከክፍል አንድ እስከ መጨረሻው በተርታ። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «የጥቅምት ሽብር» ብሎ ይጽፋል። ፈረንጆች በዚህ ወር እንዲህ ነው የሚያደርጉት ይል ነበር። እ.ብ. ደግሞ ጸሎተኛ የጴንጤ ሰው፤ ሰይጣን ግቢዬ ገባ ብለው አንዴ መሐል ላይ ሶኬቱን ነቀሉት። የሰፈራችን የሲቀላ ጎረምሳ ሁሉ ጮኸ። እናትና ልጅ ተኳርፈው ከረሙ። ከዚያ ሄደ። ካርቶን ሙሉ ሲዲውን ትቶ።

በቀደም በስልክ፣ እማ፣ ጥቅምት ደረሰ፣ ፊልሞቼን ማን ሊያይልኝ ነው ብሎ ቀለደ። እሳቸው ቀልድ አላደረጉትም። በአጥር ጠሩኝ። ከልጄ የተጣላሁበትን ነገር እንኳ አላውቀውም፣ ልወቀው አሉ። ስለማያዩ እኔ ልነግራቸው። ትርጉም የለው፣ እንግሊዝኛ ብቻ። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የስምንተኛ ክፍል። አስቢው እንግዲህ።


ጥቅ. 5፣ ዓርብ

ክፍል ሦስት አለቀ። አራት ተጀመረ። ሰውዬው ሦስት ላይ ተቃጥሎ ሞቶ ነበር እኮ! አራት ላይ ተነሳ። እ.ብ. ወንድሙ ነው አሉ። እኔ ራሱ ነው አልኩ። ተከራከርን። ወንድም ከሆነ እናቱ ምን ዓይነት ሴት ናት አልኩ። እሷን አትንኪያት፣ ልቅሶ ላይ ናት አሉኝ።

ልጆቹ ሱሪያቸው የኛ ጊዜ ቤልቦተም፣ ጸጉራቸው አፍሮ። እሱ ደስ ይለኛል። ግን ድምፅ ሲሰሙ ለምን ወደ ድምፁ ይሄዳሉ? መብራት ለምን አያበሩም? እ.ብ. ከመቀመጫቸው እየተነሱ፣ አንቺ ልጅ ወደ ጎረቤት ሩጪ፣ ጎረቤት የለሽም እንዴ ይሏታል። የላትም። ጫካ ውስጥ ብቻዋን ናት።

እንቅልፍ አጣሁ። የሣር ማጭዳችንን ከበር ኋላ አንስቼ አልጋ ሥር ደበቅኩ። አልጋ ሥር መሆኑ ደግሞ ይብስ አስጨነቀኝ። አወጣሁት፣ የምንሸጠው ሙዝ ክምር ውስጥ ወሸቅኩት። ባሌ አይሱዙውን ይዞ አዲስ አበባ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጫፍ ላይ። ጽጌን እየጾምኩ ደም አያለሁ።

አያለሁ አልኩ? ላንቺ እንኳ አልዋሽም። አላይም። ማጭዱ ብልጭ ሲል ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስብ። እስኪያበቃ። እ.ብ. እንዴት ሆነች ሲሉኝ፣ አመለጠች። በመስኮት ወጣች። በጓሮ በር። አንዴማ መኪና ራሱ አስነስቼላታለሁ። ተመስገን ይላሉ፣ ይፈትላሉ። ክራቸው አይበጠስም። የምንቀጠቀጠው እኔ።


ጥቅ. 7፣ እሑድ

ታዴ ደወለ። እናቱ ወሬ ጀመሩለት፤ ያቺ ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ልጅ እንዴት ጎበዝ እንደሆነች፣ ከባለማጭዱ ስንቴ እንዳመለጠች። እሱ አስኑን አገናኚኝ አለ። እትዬ አስኑ፣ እሷ እኮ ክፍል ሁለት ላይ ሞታለች አለኝ እየሳቀ። ስልኩ ይቆራረጣል አልኩት።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ወረቀቱ ተስተካክሎለታል፣ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ! ዓይኗን ሳትታከም ብደርስ ፊቴን ዳብሳ ነው የምታውቀኝ፣ ለምኚልኝ አለ። እለምናለሁ አልኩ። በምን አፌ?

ለመንኩ። ለፈትል ጣት ይበቃኛል አሉ። ልጅም ይፈተላል ወይ አልኳቸው። ሪሞቱን እጄ ላይ አኖሩት። ክፈቺው፣ መብራት ሳይሄድ።


ጥቅ. 10፣ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

በማይክ ሲለፈፍ ዋለ። የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ሞራ በነጻ ይገፍፋሉ። ምዝገባ እስከ 20፣ ሥራው ከ22 እስከ 24።

መኪናው በበራችን ሲያልፍ ፊልም ላይ ነን። ባለማጭዱን ለጊዜው አሳርፈን ሌላ ተከታታይ ጀምረናል፤ ገዳይዋ ሴት ናት፣ ሙሽራ፣ ቬሏ የተቀዳደደ፣ መቀስ የያዘች። በሷ ጩኸት ያልተበጠሰው ክር በማይኩ ድምፅ ተበጠሰ። ቀጠሉት። እንደገና ተበጠሰ። እንዝርቱን አስቀመጡት። እትዬ፣ ልመዝግብዎት? አልሄድም፣ በቃ።

የጸሎት እህቶች ሊጠይቋቸው የገቡት ልክ በዚያ ሰዓት። ሦስት ሆነው፣ እህት ማርታ ከፊት። ሙሽራዋ በመቀስ መጋረጃ እየቀደደች። ሪሞቱን ፈለግኩ፣ ጥጡ ውስጥ ሰምጧል። ጌታ ይገሥጽሽ! አለች እህት ማርታ። ሙሽራዋን ይሁን እኔን አልለየሁም። ሲወጡ በር ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። ሲቀፋቸው የኖረውን ስለት በጆሯቸው ስታስገቢባቸው ከርመሽ፣ የሐኪም ቢላ ቢፈሩ ይገርምሻል? አለችኝ።

እቤቴ ገባሁ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ። እራቴን አልበላሁም። እውነቷን ይሆን ደብተሬ? እኔ ነኝ ያስፈራኋቸው?


ጥቅ. 13፣ ቅዳሜ

ሁለት ቀን አልሄድኩም። ገበያ ውዬ ነው አልኩ። ገበያውም መዋል ከተባለ፤ ሙዝ ለጠየቀችኝ ሴት ማንጎ መዘንኩላት።

ባሌ ገባ። ማጭዱን ሙዙ መሐል አገኘው። ሰው ልትገድዪ ነው ወይስ ሊገድሉሽ ነው አለኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩለት፣ ነጠላውንም። ሳቀ። ወንበር ይዞ ሳቀ። አንዷ አታይ፣ አንዷ ጨፍና፣ ታዲያ ፊልሙን ማን አየው? አለ። አኮረፍኩት። እራት ግን ሰጠሁት።

ማምሻውን እ.ብ. በአጥር ማዶ ተጣሩ። አስኑ! ሙሽራዋ ቆማ ቀረችብኝ እኮ፣ ወይ ዳሪያት ወይ ግደያት! ሄድኩ። ምን ላድርግ። ስለ ምዝገባው ግን አላነሳሁም። ፈራሁ።


ጥቅ. 16፣ ማክሰኞ

ተያዝኩ።

ሙሽራዋ ተጠናቃ ወደ ባለማጭዱ ተመልሰናል፣ ክፍል ስድስት። ልጅቷ ጎተራ ውስጥ ተደበቀች፣ ጮኸች፣ ጩኸቱ ቆመ። አመለጠች አልኩ። እ.ብ. እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስተኙት። «አስኑ፣ ድምፅሽ ከነጠላ ሥር ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ኖሯል! ዶሮ አርዶ የሚያውቅ ሰው ጩኸት እንዴት እንደሚቆም አይስተውም አሉ። ይኸን ሁሉ ያስመለጥሽውን ልጅ የት አኖርሽው፣ ቤትሽ አይበቃም እኮ አሉኝ። እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ ፊቴ ይነዳል። አፌ አመለጠኝ። እርስዎስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ሲታጨድ ክር የማይበጠስብዎት ሴትዮ፣ የሐኪም ቢላ አይደል ያሸሸዎት?

ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ነገሩኝ። ቢላውን አይደለም። ሴቻ ሰፈር ያለች የታከመች ሴት ነግራቸዋለች፤ ዓይንሽን ከፍተው ነው የሚይዙት፣ መጨፈን የለም፣ እየመጣ እያየሽ ነው። እሱን ነው የማልችለው አሉ። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ ትንሽ ሳቱ፣ ወደ ቁም ሣጥኑ። «አንቺ ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዘሽ ለቀለም ደም ትጨፍኛለሽ። እኔን ለእውነተኛው ክፈቺ ትይኛለሽ?»

እኔ ከከፈትኩ እርስዎም ይከፍታሉ? አልኳቸው።

ተስማማን። አንድ ሙሉ ፊልም። ነጠላ የለም፣ መጨፈን የለም። ከቻልኩ ይመዘገባሉ። ካልቻልኩ ከእንግዲህ ላላነሳባቸው። ምነው አፌን ባሰረው።


ጥቅ. 18፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ከትናንት ጀምሮ። ዝናብ፣ ጭቃ። ነገ ካልመጣ? ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል። አሥሬ ማብሪያውን እጫናለሁ። እ.ብ.ም በአጥር አሥሬ፣ መጣ? አልመጣም። እሺ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነው ያዘነ? መለየት አቃተኝ።

የልቤን ልንገርሽ። መብራቱ እንዲመጣ ጸለይኩ። እንዳይመጣም ጸለይኩ። በዚያው ጸሎት።


ጥቅ. 19፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

መጣ። ምሳ ሳልጨርስ ሄድኩ። ክፍል ሰባት።

እ.ብ. አጠገቤ ተቀመጡ፣ ነጠላዬን ወስደው ተቀመጡበት። አላመኑኝም፤ ጣታቸውን ቅንድቤ ላይ አኖሩ። ሽፋሽፍትሽ ሲወርድ አውቃለሁ አሉ። ክር የለመደ ጣት፣ ደረቅ፣ ቀላል።

የመጀመሪያው መጣ። ማጭዱ። እናቴ! ዓይኔ ሊከደን ሲል ጣታቸው ጫን። እንባዬ ወረደ፣ ግን ክፍት ነው። አየሁ። ደሙ ይረጫል፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ሞተ። ሞተ እትዬ አልኩ። ነፍስ ይማር አሉ። ቀጥዪ።

ሁለተኛው። ሦስተኛው። ታውቂያለሽ፣ ስታይው ይቀንሳል። ደሙ ድልህ ይመስላል። የባለማጭዱ ጭንብል ከኋላው በላስቲክ የታሰረ ነው፣ እንደ ልጆች ዕቃ። ሰዓት አስሯል! ቸኩሏል መሰለኝ አልኩ። አንዷ ሞታ ተኝታ ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል። እትዬ፣ ሟቿ ትተነፍሳለች! ስላቸው ጣታቸው ቅንድቤ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ነጠላው ውስጥ ያለውን ነው። እዚያ ውስጥ ሰዓት የለውም፣ ላስቲክ የለውም።

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ያመለጠ የለም፣ ከአንዷ በቀር። የቀድሞዎቹንም ነገርኳቸው፣ ባለቢጫ ሹራቧንም። ለሷ አዘኑ።

ፊልሙ አለቀ። ጣታቸውን አነሱ። ስለ ምዝገባው አልጠየቅኩም። ስወጣ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት? አሉኝ።

በሁለት ሰዓት እትዬ። ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ።


ጥቅ. 23፣ ማክሰኞ፣ ሆስፒታል ግቢ፣ ዛፍ ሥር

ገቡ። እኔን በር ላይ መለሱኝ። ግቢው ሰው በሰው፤ ከደጋ የወረዱ፣ ልጅ እየመራቸው የመጡ። እ.ብ. እጄን ለቀው ሲገቡ ዞረው፣ አንቺም አትጨፍኚ አሉኝ። ውጪ ምን አለ የምጨፍንለት? አለ ለካ። በሩ ሲዘጋ ዓይኔን ከድኜ ነበር። ከፈትኩት።

እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ነርሷን ጠየቅኩ። አልጨረሱም። እንደገና ጠየቅኩ። እናቴ፣ ይቀመጡ አለችኝ። እኔ እናቷ! እድሜዬን ከየት አመጣችው።

ወጡ! በወንበር እየተገፉ፣ ግራ ዓይናቸው ታሽጎ። አልታመሙም። መድኃኒት ሲያንጠባጥቡበት ደነዘዘ፣ ቢላም አልታየ። ብርሃን ብቻ፣ ከዚያ ቡኒ ውኃ። አባያ ሐይቅን በጠዋት እንደማየት ነው አሉኝ። ይኸው ነው? አልኩ። ይኸው ነው፣ ያቺ ሴቻ ያለችውን ሴትዮ ሳገኛት አልምራትም አሉ።


ጥቅ. 25፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ፋሻው ትናንት ተነሳ። እቤታቸው ሰው ሲግተለተል ዋለ። ባሌ ፊታቸው ተገትሮ እኔ ማነኝ? አላቸው። ዓይኔ ባይድንም በሙዝ ሽታህ አውቅሃለሁ አሉት። እህት ማርታ ሾርባ ይዛ መጣች። ጸለየች፣ አለቀሰች፣ ጌታ ሠራ አለች። ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ያቺ ሙሽራ ግን በመጨረሻ ባሏን አገኘችው? አለችኝ። ልሙትልሽ እንዲህ አለች! አግኝታዋለች፣ ባታገኘው ይሻለው ነበር አልኳት። ታዴ ደወለ፣ ቀኑ እሑድ ሳይሆን። እናቱ፣ ግንባርህ ላይ ያለችውን ጠባሳ ይዘሃት ና፣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው አሉት። ስልኩን ዘጉት።

የቀረን ክፍል ስምንት ነው። የመጨረሻው። ነርሷ ዓይኑን ብዙ እንዳያደክሙት ብላለች፣ ስለዚህ ቁራጭ ቁራጩን፣ ዛሬ ከሰዓት ይጀመራል። አሁን አውሪው እኔ ነኝ ይላሉ እ.ብ.። እንግሊዝኛ ባላውቅም አንቺም አታውቂም ነበር። መጨፈን ካማረሽ ጨፍኚ አሉኝ።

አልጨፍንም። ወስኛለሁ። ነጠላዬ አልጋው ላይ ይቀራል። ደግሞ ቅድም ስነሳ ማጭዱን ከሙዙ ውስጥ አውጥቼ በር ኋላ፣ የድሮ ቦታው

እ.ብ. ከበረንዳቸው እየተጣሩ ነው። «አስኑ! በዚያ በቀይ እስክሪብቶ የማንን ስም ነው የምታጠፊው?»

ቀይ መሆኑን! ከዚያ ማዶ፣ በመስኮት! ደብተሬ፣ አዩሽ እኮ፣ መጣሁ እትዬ፣ መጣ