ኤልዉድ በአረፋ የተጠመቀበት ቀን

ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ዱዌይን፦

እንዴት ከርመሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣህ ቁጥር ትራገማለህ? ባለቤትህ ኮራ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኛ እዚህ ኦሃዮ ሁላችንም ደህና ነን። በቆሎው ዘንድሮ ሰው የሚውጥ ሆኗል። እማማም ጆሮዋ ደከም ከማለቱ በቀር አንደበቷ እንደ ድሮው ነው። የባዛሩን ወሬ ከሌላ ሰው ሰምተህ ከሆነ አትደንግጥ፤ ባለቤቴ ኤልዉድ በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ከጎኔ ተቀምጦ የፖም ፓይ እየበላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደራችን የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ ሃርመን የእሳት አደጋ መኪናዋን ሲወለውል ከላይዋ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በዚህ ምክንያት በባዛሩ ላይ የሚደረገውን የዘንድሮውን የትራክተር ጉተታ ውድድር የእሳት ጥበቃ ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ በሥራ ቀልድ አላውቅም። ጠዋት ትራክተሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ኤልዉድ ዘንድ ስደርስ፣ አደጋ ሲመጣ ሞተሩ ከኋላ ተስቦ የሚጠፋበት ሽቦ ተበጥሶ በድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ ተቋጥሮ አገኘሁት። «ይሄ ምንድነው?» ስለው «ይይዛል» አለኝ። «እኔ አንተን ሳልይዝህ ሂድና ቀይረው» ብዬ መለስኩት።

በሽቦው እሺ አለ። ጦርነቱ የተነሳው በቱታው ነው። ያንን እሳት የሚከላከል ቱታ ከገዛው ወዲህ ሆዱ የራሱን መንገድ ሄዷል፤ ዚፑ እምብርቱ ላይ ሲደርስ አልሄድም ይላል። ሙቀቱም ሙቀት ነበር። «በካናቴራ እነዳለሁ፤ ለዚህች አጭር ጉተታ ብዬ አልታፈንም» አለ።

«ያለ ቱታማ አትነዳም።»

«አንቺ ሴት፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ስነዳ አንዲት ጸጉሬ ተቃጥላ ታውቃለች?»

«የቀረችህ እኮ አንዲት ናት፤ እሷንም ጠብቃት» አልኩት።

ለካ ውድድሩን በድምጽ ማጉያ የሚያስተላልፈው ቨርጂል ማይክሮፎኑን ሳያጠፋ አጠገባችን ቆሞ ኖሯል! ሕዝቡ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በእኛ ቤት ምንም የማይሰማት እማማ ይህችን ግን ሰምታ ኖሮ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «አንተ ኤልዉድ! ልጄን ጥቁር ልታስለብሳት ነው? ልበስ ብያለሁ!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ እጁን ሰጠ። አብረውኝ እሳት የሚያጠፉት ሁለቱ የሹልትስ ወንድማማቾች፣ አንዱ ሆዱን እየተጫነ ሌላው ዚፑን እየሳበ እንደ ጆንያ ሰፉት።

ተራው ደረሰና አረንጓዴው ባንዲራ ተውለበለበ። ከኋላ የሚጎተተው ተሳቢ በሄደ ቁጥር እየከበደ የሚመጣ መሆኑን ታውቃለህ፤ የኤልዉድ ትራክተር ግን አፍንጫውን ወደ ሰማይ አንስቶ ከሁሉም አልፎ ሄደ። እኔም ሥራዬን ረስቼ «በለው!» ስል ድንገት አንድ ነገር ጧ አለ። ለሞተሩ አየር የሚገፋው ተርቦ ፈንድቶ ዘይቱ በጋለው ሞተር ላይ ተረጨ፤ እሳቱም እስከ ኤልዉድ ደረት ድረስ ተንቦገቦገ።

ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሳቅ በአንድ ጊዜ ድርግም አለ። ተሳቢው ላይ ያለው ሰው አዲሱን ሽቦ ሲስበው ሞተሩ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት የራሴን ቡትስ ኮቴ ብቻ ነው። ኤልዉድ ለመውረድ ይታገላል፤ ነገር ግን ቱታው ከመጥበቡ የተነሳ እግሩን ከመሪው በላይ ማንሳት አቃተው። ታላቁ ሹልትስ በብብቱ ይዞ ጎትቶ ጣለው። ታናሹ ወደ ሞተሩ፣ እኔ ወደ ባሌ። ሕጋችን ነጂው ይቅደም ነው የሚለው። በእሳት ማጥፊያው አረፋ ደረቱን ረጨሁት፣ አገላብጬ ጀርባውን ረጨሁት፣ ደግሜ አገላበጥኩት። ቨርጂል በማጉያው «ወገኖቼ፣ እሳቱ ጠፍቷል፤ ላቮን ግን ገና አልበረደችም» ሲል ነው የያዝኩትን ማጥፊያ የጣልኩት።

ከአረፋው ክምር ውስጥ መጀመሪያ የወጣው ቃል ምን እንደሆነ ታውቃለህ? «ስንት ሄድኩ?» ከሁሉም ርቆ ነበር የሄደው። ዳኞቹ ግን ሜዳው ላይ ዘይት ስላፈሰሰ ከውድድር ውጪ ነው አሉ። ባሌ ከነአረፋው ተነስቶ ከዳኞቹ ጋር ሊጨቃጨቅ ሄደ! ያን ጊዜ ደህና መሆኑን አመንኩ። ቱታውን በመቀስ ቀደን ስናወልቀው ደረቱ ላይ ያለው ጨርቅ ከስሏል፤ ከሥሩ ያለው ካናቴራ ግን ከላብ በቀር ምንም አልነካውም። የተቃጠለው ከጓንቲውና ከእጅጌው መሃል ያለችው የእጁ አንጓ ብቻ ናት። ያንን ካናቴራ ሳየው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ።

ማታ እጁን ቅባት ስቀባለት «እሳቱ ከጠፋ በኋላም እኮ ትረጪኝ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ያልተጎዳ እጁን ጉልበቴ ላይ አኑሮ ቅባቱ እስኪደርቅ እንዲሁ ተቀመጥን።

ለኮራ፣ ለትልቋ ልጅህና ለባሏ፣ ለመንትዮቹም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ኤልዉድ አፉ ሙሉ ስለሆነ በእጁ ሰላም ብሎሃል። እማማ ደግሞ «ዓሣ የሚያጠምድበት ጀልባ ላይ ደህና የእሳት ማጥፊያ አለው ወይ?» ብላ እንድጠይቅህ አዝዛኛለች። ከሌለህ ቶሎ ግዛ፤ አለበለዚያ የቨርጂልን ማጉያ ተውሳ ከዚሁ ትጠራሃለች።

እህትህ ላቮን
ፌርሎ መንደር፣ ኦሃዮ
ኦገስት 21 ቀን 2011