«ኧረ እንዲህ አይበሉ» ማለት ላቃታቸው እንግዶቼ

ለተከበሩ የኮሌጁ ዲንና ለተማሪዎች ቅበላ ኮሚቴ አባላት በሙሉ
ደብረ ብርሃን

ክቡራን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ እላለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበታችሁን ሳይፈትን፣ ውርጩም የግቢያችሁን አበባ ሳይለበልብ ይህ ደብዳቤ በሰላም እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። ሰላምታዬ የሚነሣው ከቆላው ከአልዩ አምባ ስለሆነ ሞቅ ያለ ነበር፤ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ቢቀዘቅዝ ጥፋቱ የዳገቱ እንጂ የእኔ አይደለም። የኮሌጃችሁን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ልጄ እዚያ ስለምትማር ስሙ በክፉ እንዲነሣ አልፈልግም። ደግሞም እናንተ በእኔ ስም ላይ ያደረጋችሁትን እኔ በእናንተ ስም ላይ ለማድረግ አልደፍርም።

እኔ ሰላሀዲን ኢስሀቅ እባላለሁ። በአልዩ አምባ ገበያ ማሾ ከገበሬ እየገዛሁ የምሸጥ ነጋዴና ዘንድሮ የተቀበላችኋት የዩምና አባት ነኝ። በእናንተ ዘንድ ግን ሌላ ስም እንደወጣልኝ በአቀባበሉ ዕለት ተረድቻለሁ፤ «እንቅፋት» ተብያለሁ።

ወግ ነውና በምስጋና ልጀምር። አገር ሙሉ ልጅ አመልክቶ እፍኝ የማይሞሉት ብቻ በሚገቡበት ኮሌጃችሁ፣ ልጄን ከነምግቧ ከነመኝታዋ ያለ ክፍያ ስለተቀበላችኋት ከልብ አመሰግናለሁ። ዜናው የደረሰ ቀን ሱቄን ዘግቼ መጋዘን ገባሁና የማሾ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠራርጌ ወጣሁና ልጄን «እስቲ እንዳታሳፍሪን» አልኳት። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ። አሁን በእናንተ ፈቃድ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የተማረ ሰው ቁጥር ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ። ዩምና ፈተናውን አልፋ፣ ቃለ መጠይቁንም አልፋ፣ የመጨረሻው ነገር «የቤተሰብ ጉብኝት» ነው ተባለና ክቡር ዲኑና አንድ ወጣት ባልደረባቸው የአንኮበርን ቁልቁለት በመኪና ወርደው ቤቴ ድረስ በመምጣታቸው ታላቅ ክብር ተሰምቶኛል። ባለቤቴ ሲቲ ፓፓያ ቆርጣ አቀረበች። ከላይ ከአንኮበር ለገበያ የወረዱት የቆየ ወዳጄ መምሬ ኪዳነ ማርያምም አብረውን ተቀምጠው ነበር። ዩምና ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ክቡር ዲንም ጉሮሯቸውን ጠርገው «እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩን» አሉኝ።

እንግዲህ ክቡራን፣ በእኛ አገር አባት ስለ ልጁ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከቅድመ አያት ጀምሮ አንድ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ደገኛውም ቆለኛውም «ኧረ እሷ ምን ትሆናለች» ይላል። የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ነው። በዚያ ላይ ነጋዴ ነኝና ልንገራችሁ፣ ገበያ ላይ የሚወደሰው የሚሸጥ ነገር ነው። ማሾዬን ቀኑን ሙሉ ሳወድስ እውላለሁ፤ ልጄን ግን ለገበያ አላወጣኋትም። ስለዚህ «እሷማ ሰነፍ ናት፣ ወጥ እንኳ ጥዳ ታሳርራለች፣ መጽሐፍ ላይ ተደፍታ ከመዋል በቀር የምትችለው የለም፣ ከወሰዳችሁልኝ ግልግል ነው» አልኳችሁ።

የዚህ ነገር ሕጉ ቀላል ነው። አባት ያጣጥላል፤ እንግዳ «ኧረ እንዲህ አይበሉ!» ይላል፤ አባትም አንገቱን ደፍቶ በደስታ ይሰማል። ምስጋናው በእንግዳ አፍ ቤት ይገባል ማለት ነው፤ ማንም ተመጻደቀ አይባልም። «እንደምን አደሩ» ለተባለው ሰላምታ የሌሊቱን ቁርጥማት ዘርዝሮ የሚመልስ እንደሌለ ሁሉ፣ «ልጄ ሰነፍ ናት» ያለውንም አባት እንዳለ የሚያምነው የለም። እናንተ ግን አመናችሁኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ስነግድ እንዲህ ያለ ፈጥኖ የሚያምን ደንበኛ አላጋጠመኝም። ክቡር ዲን በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጣቱ ባልደረባቸውም ታብሌቱ ላይ አቀርቅሮ ጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ታብሌት ከመምጣቱ በፊት ነው።

ሁለተኛ። እናንተ ዝም ስትሉ፣ ወጉ እንዳይፈርስ ብለው መምሬ ኪዳነ ማርያም የእንግዳውን ድርሻ ተወጡ። «ኧረ ተው ሰላሀዲን፣ ፈጣሪን ፍራ! ይቺን የመሰለች ልጅ የት ይገኛል? ወርቅ እኮ ናት!» አሉ። እኔም ልቤ ሞቅ አለና «መምሬ ስለሚወዷት ነው እንጂ ለምንም አትሆን» ብዬ ጨመርኩበት። ለምን እንደጨመርኩ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው፤ መምሬ አንድ ጊዜ እንዲደግሙልኝ ነበር። ይህ በእናንተ አተረጓጎም «አንድ የአካባቢው ካህን ልጅቱን ከአባቷ ለመታደግ ሲሟገቱ በዓይናችን አይተናል» የሚል ሆኖ በአዳራሽ ተነገረ። መምሬ ይህን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ተዉት።

ሦስተኛ። ለአቀባበሉ ዕለት ወላጆችን በመጋበዛችሁ አመሰግናለሁ። ኮቴን አስተኩሼ፣ ሲቲም ለዒድ የምትለብሰውን ለብሳ መጣን። አጠገባችን ከጫጫ የመጡ እናት ተቀምጠው ነበር። ስለ ልጃቸው ስጠይቃቸው «የእኔዋ እንኳ ደካማ ናት፣ እንዴት እንዳለፈችም እንጃ» አሉኝ፤ እኔም ወዲያው «ኧረ እንዲህ አይበሉ!» አልኳቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። እንግዲህ ይህን ያህል ነው፤ ከአፍ የሚወጣ ሦስት ቃል እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም።

ከዚያ ክቡር ዲን መድረክ ላይ ወጥተው የአንዲት ልጅ ታሪክ ያወሩ ጀመር። ልጅቱ ብርቱ ናት፣ አባቷ ግን በእንግዳ ፊት «ሰነፍ ናት፣ ከወሰዳችሁልኝ ግልግል ነው» ብሏል አሉ። ኮሌጁም ከጎበዝ ጎበዝ መምረጥ ሲቸግረው፣ እንዲህ ያለ እንቅፋት በገዛ ቤቷ ያለባትን ልጅ አስቀደመ አሉ። ክቡራን፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። እኔ ያን ሰውዬ አላወቅሁትም። ወደ ሲቲ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ምን ዓይነት አባት ነው! ለእንዲህ ያለው ልጅ ባይሰጠው» አልኳት። ሲቲ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጅቱ ከዚያ ቤት በመውጣቷ አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ፤ ከፊቴ ካሉት ሁሉ አብልጬ አጨበጨብኩ። ክቡር ዲን «አባትየው የማሾ ነጋዴ ነው» ሲሉ እጄ ገና በአየር ላይ ነበር።

የማሾ ነጋዴ በቆላው ሞልቷል ብዬ ልጽናና ስል ዩምና እንድትቆም ተጠራች። ቆመች። ወደ እኛ አላየችም። አፈርኩ፣ ክቡራን። ሰው ሁሉ ካፖርት በደረበበት አዳራሽ እኔ አላበኝ። የጫጫዋ እናት ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ እኒያው ጠዋት «ደካማ ናት» ያሉት እናት። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ ጫማዬን አየሁ፤ የአልዩ አምባ አቧራ አልለቀቀውም ነበር።

አራተኛ ብዬ ስለ ምሳው ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ምሳው ጥሩ ነበር ይላሉ፤ እኔ አልበላሁም።

ያልበላሁት ክቡር ዲን ንግግራቸውን በዘጉበት ነገር ምክንያት ነው። ዩምናን በቃለ መጠይቁ «ጎበዝ ነሽ ብሎሽ የሚያውቅ ማን ነው?» ብለው እንደጠየቋትና ልጄም ብዙ አስባ «መምሬ ኪዳነ ማርያም» ብላ እንደመለሰች ተናገሩ። አዳራሹ አሁንም አጨበጨበ። እኔ በዚህኛው አላጨበጨብኩም።

ክቡራን፣ በእናንተ ላይ የመዘዝኩት ቁጥር ሁሉ እዚህ ላይ ያልቅብኛል። እናንተ ወጉን አታውቁትም ብዬ ልስቅባችሁ እችላለሁ፤ እስካሁንም ስቄባችኋለሁ። ዩምና ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። መምሬ ቤታችን በመጡ ቁጥር እኔ ሳጣጥል እሳቸው ሲያወድሱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ስትሰማ ኖራለች። የመምሬን «ወርቅ ናት» እውነት ብላ ከያዘችው፣ የእኔንም «ለምንም አትሆን» እውነት ብላ ይዛዋለች ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ኮሌጅ መግባት አላስፈለገኝም፤ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ «ሌሎቹ ተኝተው ይሆናል» እላት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሲመጣ «ፈተናው ቀሎ ይሆናል» አልኳት። ነቀዝ መጋዘኔን ሲጨርሰው የኒም ቅጠል አድርቃ፣ አንዱን ጆንያ ከቅጠሉ ጋር አንዱን ያለ ቅጠል አስቀምጣ፣ ነቀዙ የትኛውን እንደሸሸ ፈትታ አሳየችኝ። ዛሬ ግማሹ የአልዩ አምባ ነጋዴ ማሾውን የሚያስቀምጠው እሷ ባሳየችው መንገድ ነው። ያን ቀን የነገርኳት «መጋዘኑን በቅጠል አቆሸሽሽው» የሚል ነበር። እናንተ የተቀበላችኋት ዕለትም፣ ቅድም ልብ በሉልኝ እንዳልኳችሁ፣ ጆንያ ላይ አልቅሼ ስወጣ ያገኘችው «እስቲ እንዳታሳፍሪን» የሚለውን ብቻ ነው። ኩራቴን ሁሉ ማታ ማታ ለሲቲ ነበር የምናገረው።

ስንመለስ የአንኮበርን ቁልቁለት ስንጀምር ሲቲ «የዩምና አባት፣ ማታ ማታ ለእኔ የምትለውን ለእሷ ብትላት ምን ነበር?» አለችኝ። በማግስቱ ልጄ ጋ ደወልኩ። ጎበዝ ነሽ ልላት ነበር የደወልኩት። ስታነሣው «ብርዱ እንዴት ነው? ጋቢ ደርቢ እንጂ» አልኳት፤ እሷም «እሺ አባ» አለችኝ፤ ዘጋን። እንዲህ ያለ ቃል ከጉሮሮዬ ወጥቶ ስለማያውቅ መንገዱ ጠፋበት።

በዚህ ምክንያት፣ በሕዝብ ፊት ያሳፈራችሁኝን ያህል በሕዝብ ፊት እንድናገር ትፈቅዱልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤም ተማሪዎች በሚያዩት ሰሌዳችሁ ላይ ይለጠፍልኝ። ለመዝገባችሁም እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ዩምና ሰላሀዲን ጎበዝ ናት። ማሻ አላህ። አባቷ ይህን የሚያውቀው እናንተ ከማወቃችሁ በፊት ነው፤ ያልነገራት ግን እሱ ነው። እናንተ ስለ እኔ የጻፋችሁት ስሕተት ነበር፤ እሷ ግን ስሕተቱን ለማረም የሚያስችል አንድ ቃል ከእኔ አልነበራትም። አባቷ ስላወደሳት መስፈርቱን አታሟላም ብላችሁ እንዳታሰናብቷት አደራ።

ከዳገት በላይ ላላችሁት ለእናንተ ረጅም ዕድሜን፣ ለታብሌታችሁም የማይሞት ባትሪን እየተመኘሁ፣ በቤታችን ፓፓያ በልታችሁ ስለሄዳችሁ ዛሬም እያመሰገንኩ፣ የማሾውን እንጂ የልጁን ዋጋ ጮክ ብሎ ተናግሮ የማያውቀው

የቀድሞው እንቅፋት
ሰላሀዲን ኢስሀቅ
ከአልዩ አምባ

ሳልረሳው፦ ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ በስልኳ የጻፈችልኝ የዩምና ታናሽ ሀፊዛ ናት። ለከርሞ እሷም ኮሌጃችሁ ታመለክታለች፤ ስለዚህ ለጉብኝት መምጣታችሁ አይቀርም። «ይቺኛዋ ደግሞ ከእህቷ የባሰች ሰነፍ ናት» ብዬ ላስጽፋት አፌን ስከፍት ጣቷን ከስልኩ አንሥታ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ አልኳት፦ ሀፊዛ ጎበዝ ናት። «ማሻ አላህ» የሚለውን ራሷ ጨመረችበት። እንግዲህ ክቡራን፣ በከርሞው ከእኔ ቤት እንቅፋት ስለማታገኙ ልጅቱን በዕውቀቷ ብቻ ለመቀበል ትገደዳላችሁና፣ ለሚደርስባችሁ ችግር ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።